የተጎታቹ ፍሬን

ልጄ ይመር፣ አላህ መንገድህን ያሳምርልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ጥሏል፤ ላሟም ወልዳለች።

በአሠሪህ፣ በከፊልህ በፈይሰል ቤት የምትሠራው ፈቲያ ከሪያድ ለእረፍት መጥታ የደበቅኸኝን ሁሉ ነገረችኝ። ዑለያ በሚባለው ሰፈር ከድልድይ ስትወርድ፣ ጄኔሬተር የጫነው ተጎታች ፍሬን ስለሌለው መኪናህን ከኋላ ገፍቶ መንገዱን ዘግቶ እንደቆመ ስሰማ ስለ መትረፍህ አላህን አመሰገንኩ። ከዚያ ለፈይሰል «ፍሬን ካልተገጠመለት አልጎትትም» አልከው አሉ። «ወደ አገርህ እሰድሃለሁ» ሲልህም በቁጣ አለመመለስህ ደስ አሰኘኝ።

በኋላ እሺ ቢልም፣ እሱ የፈለገው ተጎታቹ መኪናውን ሲገፋ ብቻ የሚይዘውን ርካሽ ፍሬን ነበር። አንተ ግን ጋራዥ ወስደህ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አስመረጥከው፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝ አብሮ የሚይዘውን፣ ተጎታቹ መወዛወዝ ሲጀምር ደግሞ እሱን ብቻ በእጅህ የምትይዝበትን። ከተገጠመ በኋላ ፈይሰልን አጠገብህ አስቀምጠህ ያንኑ ድልድይ ወረድክ፤ ተጎታቹም ሳይገፋህ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ለሌላውም ተጎታች ይገጠምለት» አለ አሉ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው።

የከባድ መኪና ሹፌሩ አጎትህ ሙሄ «የኤሌክትሪክ ሽቦው እንዳይላላ፣ ጭነቱ ሲቀየርም የፍሬኑን አያያዝ ያስተካክል» ብሏል። እኔ ደግሞ ምሳህን ሳትበላ አትንዳ እልሃለሁ።

አላህ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ከእንግዲህ የሚያስደነግጥ ነገር ቢሆንም እንኳ ከራስህ አፍ ልስማው።

እናትህ አሚናት