አንጠጣም ያሉት ውሃ

ሰኞ
የተበከለ ጉድጓድ ሁለት፣ የሚመጣው ማጣሪያ አንድ። የትኛው ይጽዳ የሚለውን አጣሪ ተብዬ ተላክሁ። መመሪያው አጭር ነው፦ ሰው የሚጠጣው ይጸዳል፣ የማይጠጣው ይቆያል። ከጋራዡ ጀርባ ያለውን አየሁ። ናፍጣ ሰርጎበታል፤ እጄን ብታጠብም ሽታው አለቀቀኝም። የሰፈሩ ሴቶች በአንድ አፍ "ለልብስ ብቻ ነው፤ የምንጠጣው ከባሮ ወንዝ ነው" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሥራ ቀለለልኝ።

ማክሰኞ
ሁለተኛው ጉድጓድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ይጠጣዋል፣ ሲነጥፍ ደግሞ የውሃ ቦቴ ይመጣለታል። አለቃዬ "በቃ፣ እሱ ይሁን" አለ። የጋምቤላ ሙቀት ጭንቅላቴን ሊያፈነዳው ነው።

ረቡዕ
ሰኞ የረሳሁትን ጃንጥላዬን ልወስድ ወደ ጋራዡ ሰፈር ተመለስኩ፣ አሪየት የምትባል እናት ቤት። ትንሿ ልጇ እንግዳ ነኝና ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ናፍጣ ነው።
አሪየት ከጓዳ ስትወጣ ኩባያውን እጄ ላይ አይታ ቆመች። ለምን ዋሻችሁኝ አልኳት።
"አምና እንጠጣለን አልን። ይጸዳል ብላችሁ የፓምፑን እጀታ ነቅላችሁ ሄዳችሁ። ማጣሪያ አልመጣም። ወንዝ ወረድን፣ የዚችን ወንድም አዞ ወሰደው። ከዚያ እጀታ ራሳችን ገጠምን።"
ድምፅዋ አልተለወጠም።

ሐሙስ
እንቅልፍ የለም። ብናገር ማጣሪያው ለነሱ ይሆናል፤ እስኪመጣ ግን ይታሸጋል፣ ባሮ ደግሞ ሞልቷል። ዝም ብል ናፍጣ ሲጠጡ ይኖራሉ። ከድጡ ወደ ማጡ።
ነገርኩት።
"እርግጠኛ ነሽ?" አለ አለቃዬ።
"ጠጥቼዋለሁ።"
ከመታሸጉ በፊት ቦቴው ይላክላቸው ብዬ ለመንኩት። እናያለን አለ። እናያለንን አውቃታለሁ።

ዓርብ
የጋራዡ ጉድጓድ ተመረጠ። ጠዋት እጀታው ተነቀለ። መቅረት ነውር መሰለኝና ሄድኩ። ሴቶቹ ሰላምታዬን አልመለሱም።
አሪየት አልጮኸችም። ሁለት ጄሪካን አውጥታ አንዱን እግሬ ሥር አስቀመጠች። "ነይ" አለችኝ። ልጅቷን ጎረቤት ትተን ባሮ ወረድን። እኔ ስቀዳ እሷ ዱላ ይዛ አዞ እንዳይመጣ ውሃውን ታያለች፤ እሷ ስትቀዳ ዱላውን እኔ ያዝኩ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።
ስንለያይ ጄሪካኑን ልመልስላት ስል "ያንቺ ነው፣ ነገም ትመጫለሽ" አለች።
ቦቴው አልመጣም። ጄሪካኑ ከቤቴ በር ሥር ተቀምጧል።