ሳተላይቷ ያየችው ሙቀት

አባዬ፣

ካጣንህ ይኸው ሁለተኛው በጋ ገባ። እማዬ ደህና ናት። ልብስህን እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ስሠራባት የነበረችው የአየር ሁኔታ ሳተላይት መጠቀች። አንተ ለሰው ሁሉ «ልጄ ሮኬት ትሠራለች» ትል ነበር፤ የእኔ ሥራ ግን የምድርን ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ መፈተሽ ብቻ ነው። የመጠቀች ዕለት እማዬን ይዤ በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን፣ ወደ ማስወንጨፊያው ድራይቭ አደረግኩ። ሮኬቱ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ በውቅያኖሱ ላይ ሄደ። ሳተላይቷ ከዋልታ ዋልታ እየዞረች ከተማችንን በየቀኑ ሁለቴ እንደምታያት ስነግራት፣ እማዬ «ያኔ ብትኖር ኖሮ አባትሽ ይተርፍ ነበር?» አለችኝ።

አንተን የገደለህ ሙቀት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር እኮ። አንተም ሰምተሃል። እኔም ሰምቼ አልደወልኩልህም።

ሰኞ ዕለት ቢሮ ሆኜ አዲሱን ምስል ከፈትኩ። ከበረሃው የተነሣው ሙቀት ወደ እኛ እየሰፋ ነው። ትንበያው ሐሙስ አንተ ከወደቅክበት ቀን ይብሳል ይላል። ወዲያው ትዝ ያለኝ ጓደኛህ ጋሼ ታደሰ ነው። አሁን አንተ ትሠራበት በነበረው ፓርኪንግ ውስጥ፣ እዚያው ጥላ የሌለው አስፋልት ላይ ነው የሚሠራው። ከሥራ እንደወጣሁ ፌርፋክስ ወዳለው ፓርኪንግ ሄጄ «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ሐሙስ እንዳትገባ» አልኩት። ሳቀና «ኦኬ ልጄ፣ እቀራለሁ» አለኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልቤ አላምን ብሎኝ በማለዳ ብመጣ የደንበኛ መኪና ፓርክ ሲያደርግ አገኘሁት። ሲያየኝ አፈረ።

«የሚተካህ ሰው የለም አሉኝ፤ ምን ላድርግ?»

አንተም ያን ጠዋት ለእማዬ ያልካት ይህንኑ ነበር።

ውሃና ጃንጥላ አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፍልህም እዚሁ ሆኜ ነው። ገና ረፋድ ነው፤ አስፋልቱ ግን ከጫማዬ ሥር መለስለስ ጀምሯል። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳ የለም። ጋሼ ታደሰ ቅድም ላቡን ይጠርግ ነበር፤ አሁን ግን ላቡ ቆሞ ፊቱ ደርቋል። የሰጠሁትን ውሃም አልነካውም። የአንድ ሰውዬን መኪና የቱ ጋ እንዳቆመ ጠፍቶት ቆሞ ያስባል። ያንተም ነገር እንዲህ ነበር የጀመረው አሉ።

የመኪኖቹን ቁልፎች ተቀብዬ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ መኪናዬ ውስጥ ላስገባው ነው፤ ቢቆጣም ይቆጣ። አባዬ፣ እስካለሁ አልረሳህም። አሁን ግን ልነሣ።

ልጅህ ሰላም