ማፈኛው ቀጭ ሲል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ከላውንድሪው የሌሊት ሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መሀል ላይ አንቀላፋሁ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ደብተሬ፣ ላንተ እንኳ ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ደከም ብሎ አይደለም፣ ሞቷል። አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ስሸምን ማሽኖቹ ወሰዱት። ቀኙም በግማሽ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ ዘነበች ብቻ ሳልነግራት አወቀች። ይዛው ወደ መቃብር ወረደች።

እንዴት እንደደበቅኩት ይኸው። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ሲያዝን ከንፈር እመጣለሁ። መኪና ከሆነ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምነዳው። ሹፌር በግራ ስለሚቀመጥ ቀኝ ጆሮዬ ወደ ሰው ይሆናል። ሰዉ ደግነት ይለዋል። ቤ/ክ ውስጥ ዘነበች ከሴቶቹ ረድፍ ነጠላዋን ስታስተካክል አይቼ እነሣ ነበር። አሁን የፊተኛዬን ሰው ትከሻ አያለሁ። ባለፈው ንስሐ ስገባ አባ የሰጡኝን ቀኖና አልሰማሁም። እሺ አባቴ አልኩ። ስግደቱን በግምት ሰገድኩ። እግዜርን በግምት።

ከሰዓት

ታምራት ደወለ፣ ሄድኩ። ታምራት ማለት ከሮውሌት ወዲያ ያለውን መሬት አብሮኝ የተከራየው ነው። ለፋሲካ ፍየል እናረባለን። የኤርፖርት ሹፌር፣ ጴንጤ፣ አፉ የማያርፍ።

የዱር አሳማዎቹ አጥሩን በስተሥር ቆፍረው ገብተዋል። ሌሊት የተወለዱትን ግልገሎች በልተዋቸዋል። ከነእትብታቸው። ሣሩ ላይ ትንሽ ሰኮና አገኘሁ፣ ገና ያልጠነከረ። እናቲቱ ስትጮኽ ነው የዋለችው አለኝ ታምራት። እኔ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ።



ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሜስኪት፣ ዴል ዘንድ። ዴል ጠመንጃ የሚያበጅ ሽማግሌ ነው። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ይሠራል። አንድ ብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ አንድ ውሻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሳማውን መተኮስ ይፈቀዳል። ግን የጎረቤታችን ፈረሶች በተኩሱ እየደነበሩ ሊያብዱ ነው። ሴትዮዋ በትሕትና መጥታ ለመነችን። ድምፅ ማፈኛ መግጠም አለብን። ታምራት የራሱን ማፈኛ ከገዛ ቆየ። የመንግሥት ወረቀቱ ወራት ይፈጃል፣ አልቆለታል። አሁን ተራው የኔ ነው። ለፈረሶቹ ነው እላለሁ። ለቀኝ ጆሮዬም ነው። መከላከያውን ጆሮዬ ላይ ብደፋ ጨርሶ ባዶ ውስጥ እገባለሁ፣ ሰውም ይነቃብኛል።

ዴል ማፈኛዎቹን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል፣ ከሥራቸው ቀይ ከፋይ ጨርቅ። የወርቅ ቤት ይመስላል። ሁለት ሰዎች ቆመው ስለሙሽራ እንደሚያወራ ሰው ስለማፈኛዎቹ ያወራሉ። አስጠሉኝ። ከዚያ እኔም ጎንበስ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ምርጫው አገጣጠሙ ላይ ነው። አንደኛው በቀጥታ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በተቀረጸው ጥርስ፣ በፊሌቶው፣ እንደ ቧንቧ ይጠመዘዛል፣ እስኪቆም። ችግሩ፣ ስትተኩስ ይላላል፤ በየመሀሉ በእጅ ማጥበቅ ይፈልጋል። ሁለተኛው፦ አፈሙዙ ላይ ትንሽ ብረት ታስሮ ይቀራል፣ ማፈኛው ከላይ ይገባና ሲዞር ጥርስ በጥርስ ይይዛል። ቀጭ ቀጭ ይላል። በአንድ አፍታ ይነቀላል፣ ከጠመንጃ ወደ ጠመንጃ ይዛወራል። የታምራት ይሄኛው ነው፣ ፊሌቶውንም ያወጣለት ዴል ነው።

«ጋሼ በላይ፣ የሚጠመዘዘው እኮ የድሮ ሰው ዕቃ ነው። ስትተኩስ፣ ስታጠብቅ፣ ስትተኩስ፣ ስታጠብቅ። አሳማው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል?» አለኝ አብሮኝ የመጣው ታምራት።

ዴል የሚነቀለውን ይዞ አዞረልኝ። በግራዬ ቆሞ ነበር። ስማ አለኝ፣ ከንፈሩን አየሁ። ታምራትም በግራ በኩል ሆኖ ያስተረጉማል። አዙር የሚለውን ያዝኩ። የቀረውን አልያዝኩም። ዴል ቅንድቡን አንሥቶ ጠበቀኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

የኔ አፈሙዝ ገና ፊሌቶ አልወጣለትም። የትኛውን እንደምፈልግ ስወስን ጠመንጃውን አመጣለታለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ቅዳሴ። ዘግይቼ ተነሣሁ፣ ዘግይቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ እግር አፍሮልኝ ወደ ሌላ አየ። ከሁሉ የከፋው፣ ጣቶቼ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው እንደ ማፈኛ ሲጠመዝዙ አገኘኋቸው። ወንጌል ሲነበብ። በሁዳዴ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

እንደሆነው ልጻፈው።

እርሻው ላይ። ነፋስ። ታምራት የራሱን ጠመንጃ ከነማፈኛው ሰጠኝ፣ ሞክርና ምረጥ ብሎ። ተኮስኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ደረቴን አልመታኝም። ማዶ ፈረሶቹ አንገታቸውን እንኳ አላቀኑም። አሁን ነቅለህ መልሰህ ግጠመው አለኝና ከዒላማው በስተቀኝ ወዳለው ገንዳ ውሃ ሊሞላ ሄደ።

ነቀልኩ። መለስኩ። አዞርኩ። የቆመ መሰለኝ።

ታምራት ባልዲውን ይዞ ተመለሰ። ከኋላዬ፣ በግራ በኩል፣ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ቀጭ አለ ወይ ነው የሚለው፣ ሌላ ምን ሊል። አዎ፣ ብሏል አልኩት።

ተኮስኩ። ጥይቱ የማፈኛውን አፍ ከውስጥ መትቶ እንደ ቆርቆሮ ቀደደው። አቅጣጫውን ስቶም ገንዳውን በሳው፣ ታምራት ቅድም ባልዲውን ይዞ የቆመበትን። ውሃው በቀዳዳው መፍሰስ ጀመረ። ፍየሎቹ መጥተው ጠጡ።

ታምራት ተንበርክኮ ጌታን አመሰገነ። ሲነሣ ፊቱ ሌላ ነው። ዴል ነው አለ። ፊሌቶውን አጣሞ አውጥቶት ነው፣ ሽማግሌው አብቅቶለታል፣ ሊገድለኝ ነበር።

ዝም ብል ይሻል ነበር። ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

አመሻሹ ላይ ታምራት ሐሙስ የገደለውን አሳማ ጎድን ከሰል ላይ ጣለ። ስቡ ሲንጫጫ አየዋለሁ፣ ሽታው ልብሴ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ ለናንተ ርኩስ ነው፣ ለኔ ግን ጌታ አንጽቶታል» እያለ ይቀልድብኛል። ሌላ ጊዜ ሽታው ያስጠላኛል። ዛሬ ከአሳማው ይልቅ እኔ ሸተትኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ታምራት የተቀደደውን ማፈኛና ጠመንጃውን ይዞ ዴል ዘንድ ሄደ። እኔን አስከትሎ፣ እንደ ምስክር። እኔው ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ አወራ፣ ሁሉንም ሰማሁ፣ ቀኝ ጆሮዬ በእሱ በኩል ነዋ። ኤርፖርት ተራ ለሚጠብቁት ሹፌሮች ሁሉ ነግሯቸዋል። ዴል አርጅቷል፣ ጠመንጃችሁን እንዳትሰጡት ብሎ።

ዴል አልተቆጣም። ቢቆጣ በቀለለኝ። አፈሙዙን በመለኪያው ለካው፣ ቀጥ ያለ ነው አለ። ደግሞ ለካ። ከዚያ መለኪያውን ራሱን በጥርጣሬ አየው። በመጨረሻ ቀና ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። እስከ መጨረሻው ገብቶ ነበር ወይ፣ ስበህስ ሞክረኸዋል ወይ። በምልክት ጭምር፣ በሁለት እጁ፣ እየሳበ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ቅዳሜ ዴል ማፈኛውን ሲያዞርልኝ ያልያዝኩት ይሄንን ነበር። ቀጭታው ሲያበቃ ሳበው፣ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ተኩስ።

አዎ አልኩ። የስ፣ የስ። ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ብቻዬን ሄድኩ። ልናገር ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ አዲስ ሥራ አልቀበልም ይላል። ገባሁ። ቶርኖው ላይ የአልጋ ልብስ ተጥሎበታል።

ዴል ወንበር ሳበልኝ። በዚህች እንግሊዝኛዬ የገባኝን ልጻፍ። ሚስቱ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው ስትለው ቆይታለች። አያምናትም ነበር። አሁን ግን ሰው ሊሞት ነበር። መለኪያው ቀጥ ብሏል እያለው ማፈኛው ከተቀደደ፣ ዓይኑ ወይ እጁ ከድቶታል ማለት ነው። ስለዚህ አቆመ። ሰው መቼ እንደሚያቆም ማወቅ አለበት አለ። እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የሁላችንም ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን።

እጄን ሲጨብጠኝ ያን የማውቀውን ራስ መነቅነቅ ነቀነቅሁ። ሳልነግረው ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ምራቄን ልተፋ ምንም አልቀረኝ።

እሱ የሌለበትን ድካም በአደባባይ ተናገረ። እኔ ያለብኝን ውጬ በእሱ አፍ አወጣሁት። ጾም ብዬ ሥጋ ተውኩ። የሰውዬውን እጅ ግን በላሁ። አሳማ ቢያንስ ንስሐ እገባለሁ አይልም።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ቤዛ መጣች። ልጄ። አርሊንግተን ነው የምትኖረው፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። የጾም ምግብ ከሱቅ ገዝታልኝ መጥታ ጓዳ ውስጥ ታሞቃለች። አንድ ነገር ስትለኝ ቆይታ መሰለኝ ዞር ብላ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ባባ፣ ኢግኖር እያደረግከኝ ነው?»

አልሰማሁም አልኳት። ቃሉ ራሱ ወጣ። ለማለፍ የምንለው አልሰማሁም አይደለም፣ ሌላ ነው፣ እሷም ለየችው። ተቀመጠች። ስለ ሕፃንነቷ ነገረችኝ፣ አማርኛዋ እየተሰባበረ። ቤት ውስጥ ስታወራኝ መልስ አልሰጣትም ነበር። መኪና ውስጥ ብቻ ነበር የማወራት። ሶ፣ አባቴ መኪና ሲነዳ ብቻ ነው የሚወደኝ ብዬ አስብ ነበር አለች። ትምህርት ቤት ራቅ ያለ እንዲሆን እጸልይ ነበር አለች።

አልቅሳ ብትነግረኝ ኖሮ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ዘነበች፣ አንቺስ ለምን ሸፈንሽልኝ። ይቅር በይኝ። ባንቺም ማመካኘቴ ነው።

የጆሮ ሐኪም አፖይንትመንት ትይዝልኛለች። እሺ አልኳት። ግን ከሐኪሙ የሚቀድም ሰው አለ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ሥራ አልገባሁም። ጠዋት ታምራት ዘንድ ደወልኩ። ጠመንጃህን፣ የተቀደደውን ማፈኛ፣ ያንን ትንሹን ብረት ሁሉ ይዘህ ና። መኪናህን አንተ ንዳ አልኩት።

«ጋሼ፣ ታመሃል እንዴ?»

በቀኝ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሣ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ትርጉሙ አይመጣም። መብራት ላይ ሲቆም ክንዱን ያዝኩት። ታምራት፣ ምን እንዳልክ አላውቅም። ይሄ ጆሮዬ አይሰማም። ድሮም አይሰማም ነበር። ያን ቀን ቀጭ ሲል አልሰማሁም፣ ሰማሁ አልኩህ እንጂ። ዴል ምንም አላጠፋም። ልገድልህ የነበረው እኔ ነኝ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጡሩምባ ነፉበት መሰለኝ፣ በመስታወቱ አየና ተንቀሳቀሰ። ብዙ ነዳ። ከዚያ ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። ወርዶ ዞሮ በኔ በኩል በሩን ከፍቶ በቀኜ ጎንበስ አለ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ሰደበኝም፣ አልጽፈውም። በመጨረሻ ግን እንዲህ አለ፦

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስትስቅልኝ ቀልዴ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።»

አንዳንዱ ያስቃል አልኩት። የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሳይስቅ ወደ መሪው ተመለሰ። ስንደርስ ግን ከኔ ቀድሞ ወርዶ የዴልን በር አንኳኳ።

ዴል የቤት ጫማ አድርጎ ከፈተ። ለማስረዳት ቃል አጠረኝ። ታምራትን አታስተርጉም አልኩት፣ በራሴ ይሁን። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አሳይቼ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩ። የተቀደደውን ማፈኛ ያን ቀን እንዳደረግኩት ገጠምኩና አዞርኩ፣ የዚያን ዕለት የቆምኩበት ላይ ስደርስ ተውኩት። ሳበው አልኩት። ሳበው። ተንሸራቶ እጁ ላይ ወጣ።

ግራ ጆሮዬን በመዳፌ መታሁ። ኖ አልኩ። ደግሞ መታሁ። ኖ። ቀኙን ያዝኩና ሊትል አልኩ። አዎ ብዬህ ነበር፣ ውሸት ነው አልኩት። አይ ላይ፣ ዋሸሁ፣ በእንግሊዝኛዬ። ወደ ታምራትም ዞሬ በአማርኛ ደገምኩት፣ ሁለቱም ፊት እንዲሆን።

ዴል ማፈኛውን ራሱ ገጠመው፣ እስኪያልቅ አዞረው፣ ሳበው። አልወጣም። ነቀለው፣ ገጠመው፣ ሳበው። አልወጣም። ከዚያ ሁለት እጁን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አገላብጦ አያቸው። ምን እንዳለ አላየሁም፣ ፊቱን አዙሮብኝ ነበር። ይቅር አለኝ ብዬ አልጽፍም። ውጣ አላለኝም።

ታምራት ከበሩ ላይ ወረቀቱን ገንጥሎ ይዞት መጣ። ዛሬውኑ ኤርፖርት ሄዶ ለያንዳንዱ ሹፌር ስሜን ጠርቶ እንዲነግራቸው አልኩት። ስምህን እጠራዋለሁ፣ አታስብ አለኝ።

የኔን ጠመንጃ ከመኪናው አመጣሁ። የሚጠመዘዘውን ነው የምፈልገው አልኩ። ቀጭ የማይለውን። እስኪቆም አዞረዋለሁ፣ መቆሙን እጄ ያውቃል። ቢላላም እጄ ነው የሚነግረኝ።

ዴል የአልጋ ልብሱን ከቶርኖው ላይ ገፈፈው። አፈሙዜን አሰረ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና በእጁ ወደ ግራው ጠራኝ፣ ቀኝ ጆሮዬ ወደሱ እንዲሆን። ሄጄ ቆምኩ።

ማሽኑን አስነሣው። ከጫማዬ ሥር ጀምሮ ሰማሁት።