ከአራቱ ወንዞች አንዱንም ላልተሻገሩት ኮሚሽነር

ለክቡር ሚስተር ግራንት ዌልበርን
የአራቱ ወንዞች የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኮሚሽነር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በመልካም እንቅልፍና በመስኮትዎ በረዶ በማይታይበት አገር እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ባለፈው ዓመት ከአዮዋ ወደ አንድ ሞቃት ከተማ መዛወሩን በጋዜጣ ስላነበብኩ፣ ስለ ጉንፋንዎ የምጨነቅበት ምክንያት እንደሌለ ተረድቼ ተጽናንቻለሁ። እኔም በሰማንያ ስድስት ዓመቴ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ቁጣዬም ከመቼውም ይልቅ ጤነኛ ነው።

የቬስትሊን ከተማ ነዋሪ፣ የቬስትሊን ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣም ድረስ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቲንና የድርሰት መምህርት ነበርኩ። «የአባልነት ስትራቴጂያዊ ማስተካከያ» የሚል ርእስ የሰጡትን ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔን ያስተማሩኝ ሚስ ሩድ አንድን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ያልቻለ ተማሪ እስኪችል ድረስ ቆሞ እንዲውል ያደርጉ ስለነበር፣ የእርስዎን አራት ገጽ ቆሜ እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦ በመጪው ሐሙስ የማኅበሩ አባላት ድምፅ ሰጥተው፣ ማኅበሩን ከመሠረቱት አራት ኮሌጆች አንዱ የሆነውን ቬስትሊንን ያስወጡታል። ከሳትኩ ያርሙኝ።

የኮሌጃችን የባለአደራዎች ቦርድ ማኅበር የሌለው ቡድን ተጋጣሚ አያገኝም፣ ተጋጣሚ የሌለው ቡድንም ይበተናል ብሎ አስታውቋል። ከተማሪዎቻችን ከግማሽ የሚበልጡት ወደዚህ የሚመጡት ለመጫወት ነው። እነሱ ከሄዱ ኮሌጁ ይዘጋል፤ ኮሌጁ ከተዘጋ ቬስትሊን አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ የነዳጅ ማደያና ሁለት ቤተ ክርስቲያን ያሉበት አውራ ጎዳና ይሆናል። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህ ጉዳይ «የሽግግር ወቅት ተግዳሮት» ተብሎ መጠራቱን ሳይ፣ ለቃላት አመራረጥዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን አጣ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ስማችን። ማኅበሩ በ1926 ሲመሠረት አራት ኮሌጆች ነበሩ፤ እያንዳንዱም በአንድ ወንዝ ዳር ነበር፦ የእኛው የሉተራኖቹ ቬስትሊን፣ የካቶሊኮቹ ሴንት ኦዲሎ፣ ማርካምና ሃርላንድ ሂል። ማርካም በ1980ዎቹ ገበሬው እርሻውን ለባንክ ሲያስረክብ አብሮ ተዘጋ። ሃርላንድ ሂል ደግሞ የተሻለ ስም ያላቸው ጎረቤቶች አግኝቶ ሄደ፤ ሲሄድ የላከልንን የምስጋና ካርድ አሁንም ድረስ ማንም ለመጣል አልደፈረም። ሌሎች ገቡ፣ ሌሎች ወጡ። ዛሬ ማኅበሩ በስድስት ግዛቶች የተበተኑ አሥራ ሦስት ኮሌጆች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ በረሃ ላይ ያለ ሲሆን፣ ሰዎቹ ራሳቸው እንደሚናገሩት በአቅራቢያቸው የሚገኘው ውኃ የመዋኛ ገንዳ ነው። ይህን ሁሉ «የአራቱ ወንዞች» ብለው መጥራትዎን ስለቀጠሉ አመሰግናለሁ፤ ሟች በስሙ ሲጠራ ቤተሰቡ ይጽናናል።

፪ኛ. ስለ ድንበሩ። አሥራ ሦስቱን ኮሌጆች በምሥራቅና በምዕራብ ምድብ ሲከፍሉ መስመሩን በእኛና በሴንት ኦዲሎ መካከል አሳለፉት። በሁለታችን መካከል ያለው ርቀት አሥራ አንድ ማይል ነው። መስመሩ የሚያልፈው በኸርማን ክላይን የበቆሎ ማሳ ውስጥ ስለሆነ፣ ኸርማን ትራክተሩን ባዞረ ቁጥር ከምዕራብ ምድብ ወደ ምሥራቅ ይሻገራል። ከዘጠና ዓመት በላይ በየየካቲቱ ሲደረግ የነበረው የቬስትሊንና የሴንት ኦዲሎ ጨዋታ በዚህ ምክንያት ከፕሮግራሙ ወጣ። በእሱ ፋንታ ልጆቻችን ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ቀይረው ወደ በረሃው እንዲሄዱ ተደረገ።

፫ኛ. ስለ ራቱ። በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እንድናገር ይታገሱኝ፤ እርስዎ የሰረዙት በአንድ መስመር ነው።

በ1925 ክረምት፣ በአንድ አርብ ቀን፣ የሁለቱ ኮሌጆች ወንዶች የቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ተደባደቡ። እንግዶቹ ኦዲሎዎች ሮጠው ባቡራቸውን ያዙ፤ ባቡሩ ግን ከከተማው ሳይርቅ በበረዶ ተቀረቀረና፣ የተሸነፉትና የተደበደቡት ልጆች በእግራቸው ወደ እኛ ተመለሱ። የከተማው ሴቶች በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ማዕድ ዘረጉላቸው። ዕለቱ አርብ ስለነበር ካቶሊኮቹ ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ እኛ ኖርዌጂያኖች በአመድ ውኃ የምንዘፈዝፈውን ዓሣ አቀረቡላቸው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቀምሶ «አባ ጾም ብለውን ነበር እንጂ ቅጣት አላሉንም» ማለቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሴቶቹም ጠቡ እንደገና እንዳይነሳ ያሸነፉትን ልጆች ሽርጥ አስታጥቀው አሳላፊ አደረጓቸው፤ የተሸነፉት ተቀምጠው በሉ። ማኅበሩ የተጠነሰሰው በዚያ ምድር ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ደንባችን ይህ ሆነ፦ ከጨዋታ በኋላ እንግዳ ሳይበላ አይሄድም፤ አንድ ዓይነት መለያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ ያሸነፈ ያሳልፋል፣ ሳህንም ያጥባል። በእኛ ዘንድ ሻምፒዮን ማለት እጁ በሳሙና የተላጠ ማለት ነበር።

ይህ ሁሉ ፍቅር ነበር ብለው እንዳይሳሳቱ። በጨዋታው ላይ የኦዲሎ ሰዎች «እናንተ ዓሣ በሳሙና የምትቀቅሉ!» ይሉናል፤ የእኛዎቹም «ዳኛ ሲያዳላላችሁ ተአምር ነው የምትሉ እናንተ አይደላችሁም?» ብለው ይመልሳሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ተሳዳቢው ለተሰዳቢው ድንች ይጨምርለታል። እርስዎ «እንግዳው ቡድን ጨዋታው እንዳበቃ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት» ብለው ሲደነግጉ፣ እኛ ደንቡን በመጣሳችን ደግሞ በጥፋት ሲመዘግቡን፣ ለዚህ ምክንያትዎ «የተጫዋቾች ደኅንነት» መሆኑን አንብቤ ሳቅሁ። ብዙ ጊዜ ሳልስቅ ቆይቼ ነበርና ለዚህም አመሰግናለሁ።

፬ኛ. ማኅበሩ ሴቶችን ለመቀበል ሃምሳ አምስት ዓመት አሰበበት፤ የበረሃውን ኮሌጅ ለመቀበል አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው።

፭ኛ. ስለ ጉብኝትዎ። ባለፈው የጸደይ ወራት የስፖርት አዳራሻችንን ለመመርመር በአካል በመምጣትዎ ክብር ተሰምቶናል። ረዳትዎ መቀመጫዎቹን ለካና አንሰዋል አለ። ልክ ነው፣ ያንሳሉ። አዳራሹ ከአቅሙ በላይ የሚሞላው ኦዲሎዎች ሲመጡ ብቻ ነበር፤ ያኔም ሰው በደረጃው ላይ፣ በመስኮቱ ላይ፣ አንዳንዴም በኦዲሎ ሰው ጭን ላይ ይቀመጥ ነበር። ያንን ጨዋታ እርስዎ ስላስቀሩልን የመቀመጫው ችግር ተቃልሏል።

ከዚያ በኋላ የወጥ ቤታችን ኃላፊ አርዲስ ኔስ በምድር ቤቱ ያዘጋጀችውን ማዕድ ሳይነኩ፣ ኮትዎን ሳያወልቁ፣ «መኪና ውስጥ አንድ ነገር እቀምሳለሁ» ብለው ሄዱ። ሰው የሚያስቀይም ነገር ፊት ለፊት መናገር ልማዳችን ስላልሆነ ፈገግ ብለን ሸኘንዎ። እርስዎ ከወጡ በኋላ የተባለውን ግን ስላልሰሙ ልንገርዎ።

«ምን አጠፋን? ጨው በዛ እንዴ?» አለች አርዲስ።

«አልቀመሰውም እኮ! በምን አወቀ?» አለች እኅቷ ቨርና።

«ታዲያ ምነው እንደ ቀማኛ በጓሮ በር ወጣ?»

«ተይው እቴ፣ አፍሮ ነው።»

ቨርና ደግ ሴት ናት፤ ስለ ሰው ሁልጊዜ መልካሙን ነው የምታስበው። እኔ እንደ እሷ አይደለሁም።

፮ኛ. ስለ ሬኔ ሆቫርካ። ስሟን አያውቁትም፤ በሰንጠረዥዎ ላይ ግን በቁጥር ተገልጻለች። የወተት ላም አርቢ ልጅ ናት፤ ጎህ ሳይቀድ ታልባለች፣ ከዚያ ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ለሴቶቹ ቡድን ትጫወታለች። አባቷ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ከእርሻው ርቃ መማር ስለማትችል፣ ለእሷ ቬስትሊን ከብዙ ኮሌጆች አንዱ ሳይሆን ያላት ብቸኛ ኮሌጅ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ ጨዋታ ወደ በረሃው ስትሄድ አውሮፕላኑ ዘግይቶ የኬሚስትሪ ፈተናዋ አመለጣት፤ አባቷም በዚያ ወገቡ ብቻውን ሲያልብ ወድቆ ተገኘ። ለጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ደውሎ ጉዞው እንዲቀነስ ሲለምን፣ ፕሮግራሙ ከዓመት በፊት በድረ ገጽ ላይ የወጣ መሆኑን በትሕትና ነገሩት። ኤሚል ሆቫርካ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። «ላሞቹ የእናንተን ድረ ገጽ አያነቡም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከሐሙስ በኋላ ልጅቱ ሁለቱንም ታጣለች፤ ቡድኗንም፣ ትምህርቷንም። ይህንን «ማስተካከያ» ያሉትን ቃል በእኔ ክፍል ውስጥ ተጠቅመውት ቢሆን ኖሮ በቀይ እሰርዝብዎት ነበር።

፯ኛ. ፍትሐዊ ለመሆን፣ የእኛንም ጥፋት። በሩን የከፈትነው እኛው ነን። በ2011 ሩቅ ያሉትን ኮሌጆች ለማስገባት ድምፅ ሲሰጥ፣ የእኛው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሎዌል ኦከር እጃቸውን አወጡ፤ የኦዲሎውም አወጡ፤ በኋላ የገቡት የጎረቤቶቻችን የቤላሚና የግሬንጀር ኮሌጆች ፕሬዚዳንቶችም አወጡ። ከወራት በኋላ ነገሩ በምድር ቤቱ ሲነሳ ዶክተር ኦከር «እኔስ ደስ አላለኝም ነበር፤ ኦዲሎዎች የፈለጉት መስሎኝ ነው» አሉ። የኦዲሎው ፕሬዚዳንት አባ ቲል ደንግጠው «እኛ ደግሞ የፈለጋችሁት እናንተ መስሎን!» አሉ። ሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ። አራት የተማሩ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ሌላውን ላለማስቀየም ብለው፣ ማንም ያልፈለገውን ነገር በሙሉ ድምፅ አሳለፉ። ይህ ስሕተት ከእኛ አገር ሌላ የትም ሊሠራ አይችልም፤ እርስዎም ሥራዎን ያገኙት በዚህ ነው። በጨዋነታችን ላይ ይህን ያህል ትልቅ ቢሮ የሠራ ሰው ከዚህ በፊት አላየሁም።

እንግዲህ ስለ ሐሙስ።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በምድር ቤታችን ተቀምጠን፣ ማን ለማን ምን ብሎ እንደሚጽፍ ስንከራከር፣ ሳይጠሩ የመጡ የኦዲሎ ሰዎች ደረጃውን ወርደው ገቡ። ከፊት አባ ቲል፣ ከኋላቸው የቀድሞው አሠልጣኝ ሊዮ ብሪማየርና ወደ ሃያ የሚሆኑ ሌሎች ነበሩ። አባ ቲል ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ስለ አየሩ ሁኔታ ጀመሩ።

«አባ!» አለ ሊዮ ከኋላ፣ «ዛሬ ደግሞ 'እናንተ ደስ እንዳላችሁ' ብለው እንዳይጨርሱት!»

የአባ ቲል ፊት ቀላ። ከዚያ በዚህ አገር በስብሰባ ላይ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገሩ። «አንፈልግም» አሉ። «ዕድሜያችንን ሁሉ እናንተን መጥላት ለምደናል። አሁን በስተርጅና አውሮፕላን ተሳፍረን ሄደን የምንጠላው አዲስ ሰው አንፈልግም። እናንተ ከወጣችሁ እኛም እንወጣለን፤ ሐሙስንም አንጠብቅም።»

ከዚያ ቨርና ኔስ፣ ያቺ ደግ ሴት፣ «እንግዲያው ቁጭ በሉ፣ ምን ያስገትራችኋል!» ብላ ጮኸችባቸው።

ሰኞ ዕለት ቤላሚና ግሬንጀርም ተከተሉን። የባለአደራዎች ቦርዳችን በዚያው ምሽት ተሰብስቦ በአራት ኮሌጆች መካከል የሚደረግ ውድድር ቡድኖቹን ለማቆየት ይበቃል ሲል ወሰነ። በአራቱ መካከል ያለው ረጅሙ ጉዞ እንኳ ሬኔ ሆቫርካን ለማታው አለባ ያደርሳታል። ይህ ኮሌጃችንን ለዘለዓለም ያቆየዋል ብዬ አልዋሽም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግን በሩ ክፍት ነው፣ ልጅቱም ተመዝግባለች። የአራቱ ኮሌጆች የመልቀቂያ ደብዳቤ ረቡዕ ጠዋት ይደርስዎታል። ስለዚህ ሐሙስ ለስብሰባ ሲቀመጡ፣ የሚያስወጡት ቬስትሊን የሚባል አባል አያገኙም። ድምፁን ቢሰጡ ግን አንከለክልዎትም፤ ልምምድ መቼም አይጎዳም።

ለማኅበርዎ የበለጠ ስፋትን፣ ለአውሮፕላኖችዎ የጠራ ሰማይን፣ ለእርስዎም ማንም ለራት የማይጠራዎት ሰላማዊ ምሽቶችን እየተመኘሁ፣ ላደረጉልን ሁሉ የሚገባዎትን ያህል፣ ከዚያም አንዲት ፍሬ ሳልጨምር፣ አመሰግናለሁ።

እስከ ረቡዕ ጠዋት ድረስ የማኅበርዎ ወገን፣ ከዚያ በኋላ ግን ፈጽሞ ያልሆነች፣

ወይዘሪት ቦርግሂልድ ታንገን
ቬስትሊን፣ አዮዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ከበረሃው ኮሌጅ የሴቶቹ አሠልጣኝ ስልክ ደውላልኝ ነበር። እኛ ስለጀመርነው ነገር ሰምታ፣ ሩቅ ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ በእንግድነት መጥተው ሊጫወቱ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና አዲስ ነን፣ ደንብ አልጻፍንም፣ ጽሕፈት ቤት የለንም፣ ኮሚሽነርም የለንም ብዬ በሐቀኝነት አስጠነቀቅኋት። «ኮሚሽነር የላችሁም?» አለችኝ። «የለንም» አልኳት። «ታዲያ መቼ እንምጣ?» አለች።