ሳላነብ አልፈርምም፣ አንብቤም አልፈረምኩም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ለቀቅ አደረገዎት? እማዬስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ስል ግን በአንድ እግሬ ነው። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ብዬ ራሴ ጻፍኩልዎ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የሴራሚክ መኪና እያራገፍን ነበር። ከመኪናው ወደ መጋዘኑ የምንሻገርባት ላሜራ፣ ያቺ እርስዎ እዚህ ሲሠሩም የነበረችው፣ ዳሯ ተጣሞ ዝናብ ነክቷት ነበር። ለካቦው «ይቺ ነገር ሰው ትጥላለች» አልኩት። «ዛሬ ነው የተወለድሽው? ፍጠኚ!» አለኝ። ሦስተኛውን ካርቶን ይዤ ስሻገር ላሜራዋ ከእግሬ ሥር ሸሸች። ከነካርቶኑ ሲሚንቶው ላይ ተዘረርኩ። ልጆቹ በጉልበቴ የተነሣ ክሬን ነው የሚሉኝ፤ መጀመሪያ «ክሬን ወደቀች!» ብለው ሳቁ። እግሬን ሲያዩ ሮጠው መጥተው አነሡኝ። ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው።

በማግስቱ የመጋዘኑ ኃላፊ ብርቱካንና ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ወረቀቱ «በራሴ ግድየለሽነት ወደቅሁ» ይላል። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባትሽ ጨዋ ሰው ነበር፤ እዚሁ ሲወድቅ ሳያነብ ነው የፈረመልን።»

አባባ፣ ያኔ ብስክሌት ገጨኝ ብለውን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳሉ። አራት ልጅ ትምህርት ቤት ነበረብዎት፤ አይጠፋኝም፣ አልፈርድብዎትምም። እኔ ግን ብርቱካኑን መልሼ አስታቀፍኩትና በሩን አሳየሁት።

ጓደኞቼ ላሜራዋ ካልተቀየረች አንዲት ካርቶን አናወርድም ብለው ሥራ አቆሙ። ሰኞ ዕለት መደገፊያ ያለው አዲስ መሻገሪያ ተበየደ። ካቦው ራሱ መደገፊያውን ይዞ ነው የሚሻገረው አሉ። እኔን «ከእንግዲህ አትመለሺም» ብለውኛል። ይበሉ! እቤቴ ተኝቼ የማለቅስ መስሏቸው ከሆነ ተሸውደዋል። ትናንት በክራንች እያነከስኩ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ የአቤቱታ ቅጽ አመጣሁ።

ቅጹ መጨረሻ ላይ «ከዚህ በፊት በዚሁ ቦታ ወድቆ የተጎዳ ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሌላውን ሁሉ ሞልቼዋለሁ፤ ይቺን መስመር ባዶ ትቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። እስክሪብቶ አያጡም። የማስገባው ማክሰኞ ነው።

እግዜር ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ቀና ብለው የሚሄዱበትን ቀን ያሳየኝ።

እልኸኛዋ ልጅዎ