ከድረሱልኝ ጥሪ በላይ ስለተቀመጠው የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ

ለተከበሩ አቶ መኳንንት ታፈሰ
የጎህ ታክሲ ሥራ አስኪያጅ
ዳላስ፣ ሰኔ 1997 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የዲስፓች፣ ማለት ጥሪ ተቀብሎ ታክሲ የሚያሰማራው ክፍል ሠራተኞች፣ በየኮምፒውተራችን አናት ላይ ጉብ ብለው ቀኑን ሙሉ ሲስቁልን ስለሚውሉ፣ ናፍቆትዎ አልጎዳንም። በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ ነው።

1. በኮምፒውተር ላይ መስኮቶች ይደራረባሉ፤ የተፈለገው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሥራው ያለቀው ይወርዳል። እንግዳ ሲገባ ኖር ብሎ ብድግ እንደማለት ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን አንዱን መስኮት ማንም ቢመጣ እንዳይነሣ አድርጎ ሊያዘው ይችላል። እኔ ይህን ማዕረግ የሰጠሁት ለአንዲት ቀይ መስኮት ብቻ ነበር፤ ሾፌር አደጋ ላይ ወድቆ ከመሪው ሥር ያለውን ቁልፍ ሲጫን ለምትወጣው። እርስዎ ደግሞ ፎቶግራፍዎና የፋሲካ መልካም ምኞትዎ ከሁሉ በላይ ይሁን አሉ። እኔ እምቢ ስል ከጎረቤት ከተማ ከፕሌኖ ሌላ ባለሙያ አስመጥተው አሠሩት። ይኸው ሰኔ ገብቶም እንኳን አደረሳችሁ እያሉን ነው።

2. የቀይዋ መስኮት ደወል ጆሮ ይበጠብጣል ብለው ስላስዘጉልን በጸጥታ እየሠራን ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

3. ባለፈው ሐሙስ ሾፌራችን ጋሽ ጉግሳ አርሊንግተን ላይ ያሳፈሩት ሰው ጩቤ አወጣባቸው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች፤ እሳቸውም እኛን ተማምነው ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑ። ቀይዋ መስኮት ወጣች፤ የወጣችው ግን ከፈገግታዎ ሥር ነው። ተረኛዋ ወለተጊዮርጊስ ያየችው የእርስዎን ጥርስ ብቻ ነበር። ጋሽ ጉግሳን እጃቸው ከተወጋ በኋላ አንድ መንገደኛ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ነፍሳቸውን ያተረፈው ፈጣሪ ነው። እርስዎም በማግሥቱ ተኝታ ነበር ብለው ወለተጊዮርጊስን አባረሩ። ኧረ የፍርድ ያለህ! ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል የምትውል ሴት፣ እርስዎ በጋረዱት ነገር እሷ ትከሰስ? በጣም ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቋንቋ የምጽፈው ስላሳደጉኝ ሰዎች ስል ነው።

ስለዚህ ፎቶግራፍዎን አውርጄዋለሁ። ተደብቄ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነው። ደወሉንም ከፍቼዋለሁ። ወደ ነበረበት መልሺው የሚለው ትእዛዝዎ ደርሶኛል፤ አልመልስም። ወለተጊዮርጊስ ወደ ወንበሯ ካልተመለሰች ደግሞ እኔንም ያባርሩኝ። ሾፌሮቹ ለምን እንደተባረርኩ ያውቃሉና፣ በማግሥቱ ታክሲዎቹን ማን እንደሚነዳልዎ ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ሥልጣንዎን ያጽናልን፤ ከዓይናችን ላይ ግን ትንሽ ገለል ያድርግልን።

ትእዛዝዎን አንብባ፣ አክብራና አጣጥፋ ያስቀመጠችው
አረጋሽ እንየው
የዲስፓች ክፍል ፕሮግራም ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እዚሁ ታክሲ የሚነዳው ታናሽ ወንድምዎ ክርስቲያን፣ ትናንት ሥራ ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ገብቶ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ፣ የወንድሜ ፎቶ ወርዷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወርዷል አልኩት። አላመነኝም፤ ስክሪኑን በዓይኑ አይቶ ነው መኪናውን ያስነሣው።