የገላነሽ ኩታና የጉድጓዴ ውሃ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯

ብዕሩን የያዘው እጅ የጎረቤቴ የደብተራ ደሴ ነው። ቃሉ ግን የኔ፣ የአንለይ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ደሴ ያልኩትን ይጻፍ፣ ከራሱ አይጨምር። ለማንም እንዳያነብ በዛሬው በሚካኤል አስምዬዋለሁ።

ዛሬ ምን አለ? ምንም። ሜዳው የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ጨርሷል። ከከብቱ መሃል ነጫጭ ወፎች ቆመዋል... ከሩቅ ሲያዩዋቸው የተሰጣ ልብስ ይመስላሉ።

ኩታው ከሸማኔ መጣ። ገላነሽ ባለቤቴ ዓይኗ ሳይጠፋ የፈተለችው የመጨረሻው ፈትል ነው። ከእንግዲህ አትፈትልም። ለጥምቀት ለብሼው አጠገቧ እንድሄድ ትፈልጋለች። «እኔ ባላይህ ሰው ይይህ» አለች። ድሮ አንቱ ትለኝ ነበር፤ ዓይኗ ከሄደ ወዲህ አንተ ሆኛለሁ። ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ይታጠብ። በዚህ አገር እንደኔ ነጭ የሚያነጣ አልነበረም። ርብ ወንዝ ዳር ድንጋዬ ላይ በእንዶድ ስረግጥ መንገደኛ ቆሞ ያይ ነበር። አሁን ጉልበቴ ርብ አይደርስም። ግን አምና በገዛ እጄ የቆፈርኩት ጉድጓድ አለኝ። ለሷ ብዬ ነው፤ ውሃ ደጇ ይሁንላት ብዬ። ነጭ ግን እስካሁን አላጠብኩበትም።

ኅዳር ፲፬

አጠብኩ። በእንዶድ፣ በጉድጓዴ ውሃ። እርጥብ ሳለ ነጭ ነበር። ሲደርቅ ቀይ አፈር የነካው መሰለ። ዓይኔ ነው ብዬ ደሴን ጠራሁት። አየና በጥፍሩ ፋቀው። ደብተራ ዝም ካለ ነገር አለ።

ገላነሽ ከደጃፍ ሆና «ነጣ?» አለች።

«እንደ ወተት።»

ለምን እንዲህ አልኩ? በአርባ ዓመት ትዳር ዋሽቻት አላውቅም።

ኅዳር ፲፰

የአመድ ውሃ ጨመርኩበት። ባሰበት።

ኅዳር ፳፭

ወረታ ወርጄ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገዛሁ። ባለሱቁ «ጥቁሩንም ያነጣል» ብሎኝ ነበር። ጠብ ያለበት ቦታ ሁሉ እንደ ደም ፈካ።

ትሁን፣ የታችኛው ቤት ሴትዮ፣ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ አየችው። «አያ አንለይ! ወይባ ነከሩ? ጣራ ገዳም ሊመነኩሱ ነው? ገላነሽንስ ለማን ጥለው?»

«ሂጂ ወደ ሥራሽ!»

«እኔስ እሄዳለሁ። ጉድጓድዎ ነው እንዲህ ያደረገው።»

«ጉድጓዴን አትንኪ!» አልኳት። ሃያ ክንድ ነው የወረድኩት። ሲቀዳ እንደ እንባ ይጠራል። እንዴት ከእንባ ቀለም ይወጣል?

ኩታውን ከጎታው ጀርባ ደበቅኩት።

ታኅሣሥ ፯

ሌሊት ያየሁትን ልናገር። ርብ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኗል። ኩታዎች ይንሳፈፋሉ፣ ብዙ... ወፍ ይሁኑ ኩታ አይለይም። ገላነሽ ታንኳ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ጥጥ አልያዘችም፤ ፈትሉ ከውሃው ነው የሚወጣው። ዓይኗ ያያል። ቀና አለችና «ምነው ደበቅከኝ?» አለችኝ።

ነቅቼ ብዙ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተኝታለች። ብነግራትስ?

አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ ፲፭

አገኘችው። ሽምብራ ልትሰፍር ጎታውን ስትዳብስ እጇ ነካው። ስገባ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ብረት ይሸታል» አለች።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ውሃው ነው። ብረት ብረት ይላል። መጀመሪያ የቀዳህልኝ ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ዓመት ሙሉ? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ ለኔ የቆፈርከው ነዋ! ምን ልበልህ?»

ዓመት ሙሉ የዛገ ውሃ ጠጥታ ዝም! እኔ ደግሞ እሷን ያታለልኩ መስሎኝ...

ኩታውን እያጠፈች «አባቴ ጎራዴው ሲዝግ በምን ይፈትገው ነበር? በሎሚ። ይኸም ዝገት ነው። ያን አመድህንና የጠርሙስ ነገርህን ወዲያ ጣልና ሎሚ አምጣ» አለች። እኔን፣ አንለይን፣ ስለ ማንጣት አስተማረችኝ። ጻፈው ደሴ። ምን ያስቅሃል?

ታኅሣሥ ፳

ከጉድጓዱ የቀዳሁት ውሃ ጋን ውስጥ ሁለት ቀን ቆመ። ሥሩ ላይ ቀይ ጭቃ ተኝቷል። ይኼን ነበር የምንጠጣው። ሳልበጠብጥ ከላይ ከላዩን ቀድቼ በጨርቅ አጠለልኩት።

ሎሚው ከይፋግ ገበያ ነው። እኔ ጨመቅኩ፣ እሷ በጨው አሸች። ሣር ላይ ለፀሐይ ዘረጋነው። ሲደርቅ በጠለለው ውሃ አለቀለቅነው። የቱ ጋ እንደቀላ እኔ እነግራታለሁ፤ እሷ ጣቷን ታሳርፋለች። ቀኑ እንዴት እንደመሸ አላውቅም። እጇ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ጥር ፫

ሦስተኛ ጊዜ በሎሚ አሸነው። እየለቀቀ ነው። ትሁንን አጥሩ ላይ ጠርቼ «ጉድጓዴ ዝገት አለበት» አልኳት። አፌን እየጎመዘዘኝ።

«ሎሚ ልጨምርልዎት?» አለች። አልሳቀችም።

ጥር ፲፩

ታቦቱን ሸኝተን ገባን። ጠዋት ሳንወጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ገላነሽ ኩታውን እራሷ አለበሰችኝ። እንደዚያን ቀን «ነጣ?» አለች።

«ነጥቷል» አልኳት። «እንደ ወተት ግን አይደለም። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ቀይ ቀርታለች።»

«የት ጋ?»

ጣቷን ወስጄ አሳረፍኩት። ዳበሰችው።

«እሷን በኔ በኩል አድርጋት» አለች።

እንደዚያው ሄድን። እጇ እዚያችው ላይ ነበር፤ እስክንመለስ አልለቀቀችም። ሜዳው ሁሉ ነጭ ለብሶ... ሕልሜ መሰለኝ። የምን ሕልም፤ ጉልበቴ ሲያመኝ ነበር።

በል ደሴ፣ ለማንም አታንብብ ያልኩህን መሐላ ፈትቼዋለሁ። ከኅዳር ሚካኤል ጀምረህ አንብብልኝ፣ ስለ ወተት የዋሸሁባትንም ሳትዘል። ድምፅህን ከፍ አድርገው፤ ገላነሽ ከደጃፍ ናት።